ፊሽፋይንደር ለሀዋሳ ሐይቅ ትንሽ ጀልባ፦ የቱ ይገዛ፣ እንዴት ይገጠም

ፊሽፋይንደር (ድምፅ ወደ ውሃ እየላከ ወለሉንና ዓሣን በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ) ሊገዛ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ሜትር ድረስ ያያል?» ብሎ ነው። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን 200 ወይም 500 ሜትር የሚል ቁጥር ያሳየዋል። ሀዋሳ ሐይቅ ግን ጥልቅ በሚባለው ቦታው እንኳ 22 ሜትር ገደማ ነው፤ አማካዩ ደግሞ 11 ሜትር አካባቢ። ወደ ዝዋይ ሲኬድ ውሃው ከዚህም ይሳሳል፣ አማካይ ጥልቀቱ 3 ሜትር አይሞላም። ገበያ ላይ ያለው ርካሹ መሣሪያ የእነዚህን ሐይቆች ወለል ያለ ችግር ያገኘዋል። ለተጨማሪ ጥልቀትና ለተጨማሪ ዋት የሚከፈል ብር እኛ ሐይቅ ላይ ሥራ የለውም።

ብሩ መግባት ያለበት ሌላ ቦታ ነው፦ ለሐይቁ በሚስማማ ትራንስዲዩሰር፣ ፀሐይ ላይ በሚነበብ ስክሪን፣ መረብ የተጣለበትን ቦታ በሚመዘግብ ጂፒኤስ። ከአሞራ ገደል (ከሀዋሳው የዓሣ ገበያ) ተነስቶ በመቅዘፊያ ወይም በትንሽ ሞተር ለሚሠራ ጀልባ ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። ይህን የምለው መሣሪያውን ለማጣጣል አይደለም። በትክክል የተመረጠና በትክክል የተገጠመ ፊሽፋይንደር የአስጋሪውን ጉልበትና ጊዜ በእርግጥ ይቆጥባል። ግን የሚቆጥበው «ዓሣው እዚህ አለ» በማለት አይደለም፤ ወለሉን በማሳየትና ወደ መረባችሁ በመመለስ ነው።

ድምፁ እንዴት ይወርዳል

ትራንስዲዩሰር ውሃ ውስጥ የሚገባው ትንሹ አካል ነው። ድምፅ ይልካል፣ ከወለል ወይም ከዓሣ ተመትቶ የሚመለሰውን ያዳምጣል፣ የፈጀውን ጊዜ ወደ ሜትር ይለውጣል። ድምፅ በሀዋሳ ውሃ ሙቀት በሰከንድ 1,490 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ 10 ሜትር ወርዶ ለመመለስ 14 ሚሊ ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። ድምፁ ታዲያ ቀጥ ያለ ክር ሆኖ አይደለም የሚወርደው፤ እንደ እጅ ባትሪ ብርሃን እየሰፋ ነው። መሣሪያው የሚያየው በዚህ ሾጣጣ ውስጥ ያለውን ብቻ ነው። ከሾጣጣው አንድ ክንድ ወጣ ብሎ የሚዋኝ ዓሣ ስክሪኑ ላይ የለም።

በ200 ኪሎ ኸርዝ የድምፅ ድግግሞሽ (ፍሪኩዌንሲ) የሚሠራ ተራ ትራንስዲዩሰር 20 ዲግሪ ያህል ይከፍታል። ይህ ማለት 20 ሜትር ጥልቀት ላይ ወለሉ ላይ የሚያርፈው ክብ 7 ሜትር ስፋት አለው፤ 10 ሜትር ላይ 3.5 ሜትር፤ 2 ሜትር ላይ ግን 70 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። በ77 ወይም በ83 ኪሎ ኸርዝ የሚሠራው ሰፊ ሾጣጣ ከ45 እስከ 60 ዲግሪ ይደርሳል። 60 ዲግሪ ሲሆን 10 ሜትር ላይ ክቡ 11.5 ሜትር፣ 2 ሜትር ላይ 2.3 ሜትር ይሆናል። (አንዱ አምራች 15 ዲግሪ፣ ሌላው 20 ዲግሪ ቢል አትደናገሩ። ሾጣጣው ጠርዝ ላይ እየደበዘዘ ስለሚሄድ የት ላይ «አበቃ» እንደሚሉት ይለያያሉ።)

ሰፊው ሁልጊዜ የተሻለ ይመስላል፤ አይደለም። መሣሪያው ርቀትን እንጂ አቅጣጫን አያውቅም። 10 ሜትር ጥልቀት ላይ ከጀልባው ቀጥታ በታች ያለው ወለል 10 ሜትር ይርቃል፤ የ60 ዲግሪው ሾጣጣ ጠርዝ ወለሉን የሚነካበት ቦታ ግን 11.5 ሜትር ያህል ይርቃል። ስለዚህ ጠርዙ ላይ ከወለሉ እስከ 1.3 ሜትር ከፍታ ድረስ ያለ ዓሣ ምልክቱ የሚመጣው ከመሃለኛው ወለል ምልክት በኋላ ነው፤ ወለሉ ውስጥ ተውጦ ይቀራል። በ20 ዲግሪ ይኸው የማይታይ ንጣፍ ወደ 15 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ወለል ተጠግቶ የሚኖር ዓሣ የሚፈልግ ሰው ጠባቡን ሾጣጣ የሚፈልገው ለዚህ ነው።

ሀዋሳ ላይ ወለል የሚጠጋው አምባዛ ነው፤ እሱ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ዓሣ ለሶናር (በድምፅ ለሚያይ መሣሪያ) ጎልቶ የሚታየው በዋናነት ሆዱ ውስጥ ባለው የአየር ከረጢት ምክንያት ነው፤ ሥጋው ለድምፅ ከውሃ ብዙም አይለይም። ቆሮሶ ትልቅ ከረጢት ስላለው ጠንካራ ምልክት ይመልሳል። የአምባዛ ከረጢት ግን ትንሽና በአጥንት የተከበበ ነው። ስለዚህ ትልቅ አምባዛ ከእሱ በጣም ከሚያንስ ቆሮሶ ደብዝዞ ሊታይ ይችላል፤ ከጭቃው ጋር ከተጣበቀ ደግሞ ጭራሽ አይታይም። ስክሪኑ ባዶ ነው ብሎ መንጠቆ ሳይጥል የሚመለስ ሰው አምባዛውን በላዩ ላይ አልፎት ሊሆን ይችላል።

ቆሮሶውስ? ጎልቶ ይታያል ያልነው ቆሮሶ የሚበዛው ዳርቻ ላይ፣ ፊላውና ደንገሉ አጠገብ፣ ጥልቀት በሌለው ውሃ ነው። እዚያ ሾጣጣው 70 ሳንቲ ሜትር ነው፣ የጀልባው ጥላና የመቅዘፊያው ድምፅ ደግሞ ዓሣውን አስቀድሞ ያርቀዋል። ጀልባ ሥር ቆሮሶ ይታየኛል ብሎ መጠበቅ መሣሪያውን ያለ ሥራው መውቀስ ነው። እዚያ መሣሪያው የሚሰጣችሁ የውሃ ውስጥ አረሙ የት እንደሚያልቅ፣ ጠርዙ ላይ ስንት ሜትር እንደሆነ፣ ወለሉ ከየት ጀምሮ ቁልቁል እንደሚሄድ ነው። መረብ የሚዘረጋው በዚያ ጠርዝ ስለሆነ ይህ መረጃ ብቻውን የመሣሪያውን ዋጋ ያወጣል።

ከዚህ ተነስቶ ምርጫው ግልጽ ነው፦ ሁለቱንም ፍሪኩዌንሲ የያዘ ትራንስዲዩሰር። ሰፊው ለፍለጋና ለዳርቻ፣ ጠባቡ ከ8 ሜትር በላይ ለሆነው ውሃና ለወለል።

ቺርፕ፣ ዳውን ስካን፣ ሳይድ ስካን

ቺርፕ ያለውን ግዙ። ተራ ሶናር በአንድ ፍሪኩዌንሲ አንድ ምት ይልካል፤ ቺርፕ ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚያልፍ የተዘረጋ ምት ይልክና ሲመለስ አነጻጽሮ ይጨምቀዋል። ውጤቱ እርስ በርስ የተጠጉ ነገሮችን ነጣጥሎ ማሳየት ነው። ተራው ሶናር የ0.1 ሚሊ ሰከንድ ምት ሲልክ ከ7 ሳንቲ ሜትር በላይ ካልተራራቁ ሁለት ዓሦችን እንደ አንድ ያያል፤ ጥሩ ቺርፕ ይህን ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ዓሣን ከአረም፣ ዓሣን ከወለል ለመለየት የሚጠቅመው ይህ ነው። ዛሬ በርካሹ ደረጃ ያሉት የታወቁ ምርቶች ሳይቀሩ ቺርፕ ስላላቸው ብዙ አያስወጣም።

ዳውን ስካን የሚባለው በ455 ወይም በ800 ኪሎ ኸርዝ ይሠራል። ሾጣጣ ሳይሆን ወደ ግራና ቀኝ የተዘረጋ ስስ ቢላ መሰል ጨረር ስላለው የሰመጠ ዛፍ ከነቅርንጫፉ፣ አረም ከነቁመቱ ያሳያል። ቆንጆ ነው፤ መረብ የሚይዝ ጉቶ የት እንዳለ ከመጣል በፊት ማወቅ ለሚፈልግ ይጠቅማል። ግን ሥዕሉ የሚሠራው ጀልባው ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው። ቆሞ የሚያስግር ሰው ከእሱ የሚያገኘው ትንሽ ነው።

ወደ ግራና ቀኝ ጎን የሚያየውን ሳይድ ስካን ለቀዘፋ ጀልባ አልመክርም። ቀጥ ያለ መስመርና እኩል ፍጥነት ይፈልጋል፤ መቅዘፊያ በተመታ ቁጥር ጀልባው ስለሚወዛወዝ ሥዕሉ ይጣመማል። ላይቭ ሶናር የሚባለው፣ እንደ ቪዲዮ ወዲያውኑ የሚያሳየው አዲሱ ደግሞ ዋጋው ከጀልባው ሊበልጥ ይችላል፣ ባትሪም ይፈጃል።

ስክሪንና ጂፒኤስ

ስክሪን ሲታይ መጀመሪያ ኢንቹን ሳይሆን ወደ ታች ያሉትን ነጥቦች ቁጠሩ። ቁመቱ 480 ነጥብ የሆነ ስክሪን ከ0 እስከ 25 ሜትር ሲያሳይ አንዱ ነጥብ 5 ሳንቲ ሜትር ይይዛል፤ 240 ነጥብ ከሆነ 10 ሳንቲ ሜትር። መካከለኛ ቆሮሶ ከጀርባው እስከ ሆዱ ይህን ያህል ስለሆነ በሁለተኛው ላይ አንዲት ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ባለ 4 ወይም ባለ 5 ኢንች ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ጀልባ ይበቃል። 7 ኢንች ምቾት ነው፣ ግን የባትሪ ፍጆታውን ሦስትና አራት እጥፍ ያደርገዋል።

ብሩህነቱን ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ አውጥታችሁ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ፀሐይ ከጀርባችሁ ሆና እዩት። የፀሐይ መነጽር የምታደርጉ ከሆነ መነጽሩን እንዳደረጋችሁ ስክሪኑን ወደ ጎን አዙሩት፤ ፖላራይዝድ መነጽር አንዳንዱን ስክሪን በአንድ አቅጣጫ ጥቁር ያደርገዋል።

ጂፒኤስ ያለው መሣሪያና የሌለው መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ትንሽ ነው፤ የጥቅሙ ልዩነት ግን በጣም ትልቅ ነው። መረብ አመሻሽ ላይ ተጥሎ ንጋት ላይ ሲነሳ፣ ተንሳፋፊው ደግሞ የሃይላንድ ጠርሙስ ሲሆን፣ ጭጋግና ማዕበል ባለበት ማለዳ መረብ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። የመረቡን ሁለቱንም ጫፍ መዝግቡ። አንዱን ብቻ ከመዘገባችሁና ጠርሙሱ ከተበጠሰ መረቡ በየት አቅጣጫ እንደተዘረጋ አታውቁም፤ ሁለቱ ካሉ ግን በመካከላቸው እየተሻገራችሁ በመንጠቆ መጎተት ይቻላል። ተራ ጂፒኤስ ከ3 እስከ 5 ሜትር ያህል ስለሚስት በዚያ ልክ ግራና ቀኝ ፈልጉ። ጉማሬ የሚያዘወትርበትን ዳርቻና ቆሮሶ የሚራባበትን ጥልቀት የሌለውን ውሃ ደግሞ «አይጣልም» ብላችሁ መዝግቡ። እናቲቱ እንቁላሏንና ጫጩቶቿን አፏ ውስጥ ይዛ የምትጠብቅ ዓሣ ናት፤ እሷን ያነሳ መረብ አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም ያነሳው።

ነጥቡን ከስልክ ወደ መሣሪያ ስታስተላልፉ የአጻጻፍ ቅርጹን አንድ አድርጉ። 7 ዲግሪ ከ03.5 ደቂቃ የሚለውን 7.035 ዲግሪ ብሎ የጻፈ ሰው መረቡን 2.6 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ወስዶታል። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ መሣሪያው ተበላሸ እየተባለ የሚመለሰው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ካርታ የተጫነበት ስለሚባለው ደግሞ፦ ከውጭ የሚመጡት ላይ ያለው ዝርዝር ካርታ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ሐይቆች ነው። ለእሱ አትክፈሉ። ይልቅ ራሳችሁ እየቀዘፋችሁ የጥልቀት ካርታ የሚሠራላችሁን ምረጡ፤ ጋርሚን ኩዊክድሮው፣ ሀሚንበርድ ኦቶቻርት ላይቭ ይሉታል። ከዳር ወደ መሃል፣ ቀጥሎ ከመሃል ወደ ዳር፣ በየ50 ሜትሩ እየተመላለሱ አንድ አካባቢ መጨረስ ይቻላል። ሀዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ስለሌለው ውሃው እንደ ዝናቡ ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ ጥልቀቱን የመዘገባችሁበትን ወር አብራችሁ ጻፉ፤ ክረምት ላይ 3 ሜትር የነበረ ጠርዝ በጋ ላይ ያው አይሆንም።

የቱ ሞዴል

ለአብዛኛው ትንሽ ጀልባ ጋርሚን ስትራይከር 4 በቂ ነው፦ 3.5 ኢንች፣ 77 እና 200 ኪሎ ኸርዝ ቺርፕ፣ ነጥብ የሚመዘግብ ጂፒኤስ፣ አነስተኛ ፍጆታ። ካርታ መሥራትና ዳውን ስካን ለሚፈልግ ስትራይከር ቪቪድ 4ሲቪ ወይም 5ሲቪ ይሻላል። ሎራንስ ሁክ ሪቪልና ሀሚንበርድ ሂሊክስ 5 በዚሁ ደረጃ የሚቆሙ ጥሩ መሣሪያዎች ናቸው፤ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከአገጣጠም ጉድለት ከሚመጣው ልዩነት ያነሰ ነው።

የራሱ ጀልባ ለሌለው፣ ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ለሚወጣ፣ ወይም ከዳር በመንጠቆ ለሚያስግር ሰው ዲፐር የሚባለው ተወርዋሪ ኳስ ይሆነዋል። ውሃ ሲነካው ራሱ ይበራል፣ በዋይፋይ ስልክ ላይ ያሳያል። የፕሮ ፕላሱ ሞዴል 290 ኪሎ ኸርዝ በ15 ዲግሪ፣ 90 ኪሎ ኸርዝ በ55 ዲግሪ አለው። ድክመቱ የስልኩ ስክሪን ፀሐይ ላይ አለመነበቡና እርጥብ እጅ ስልኩን አለመታዘዙ ነው።

ገመድ ላይ የተንጠለጠለ ትንሽ ሶናር ያላቸው፣ ዓሣን በሥዕል የሚያሳዩ ርካሽ የእጅ መሣሪያዎች ጥልቀት በትክክል ይናገራሉ። ከዚያ በላይ አትጠብቁባቸው፤ ጂፒኤስም የላቸውም።

ያገለገለ ስትገዙ ትራንስዲዩሰሩ ከመሣሪያው ጋር የመጣው መሆኑን አረጋግጡ። ሶኬቱ ስለገባ ብቻ አይሠራም፤ ሞዴሉ መግባባት አለበት። ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጃችሁ ዳስሱት፤ ተቆርጦ በናስትሮ የተጠቀለለ ከሆነ ተዉት። ውስጡ ያለው መከለያ ሽቦ አንዴ ከተቆረጠ ስክሪኑ ላይ የማይጠፋ ነጠብጣብ ያመጣል። ሱቅ ውስጥ ወይም ባልዲ ውስጥ ተሞክሮ «ይሠራል» የተባለውን አትመኑ፤ ባልዲ ውስጥ ድምፁ ከግድግዳው ጋር ስለሚጋጭ የሚታየው ቁጥር ትርጉም የለውም። ቢያንስ 2 ሜትር ውሃ ላይ ይሞከር።

ባትሪ

ባለ 4 ኢንች መሣሪያ በ12 ቮልት ሩብ አምፔር ያህል ይወስዳል። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው የታሸገ 12 ቮልት 7 አምፔር አወር ባትሪ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ይገኛል። የሊድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሲወርድ ዕድሜው ስለሚያጥር 3.5 አምፔር አወር ብቻ ቁጠሩ፤ ለሩብ አምፔር 14 ሰዓት ይሆናል፤ ሌሊቱንም ማለዳውንም ይሸፍናል። 1 አምፔር ለሚወስድ ትልቅ ስክሪን ግን 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ክብደቱ ከ2 ኪሎ ትንሽ ይበልጣል።

ቻርጁ ላይ ብዙ ባትሪ ይሞታል። ለ7 አምፔር አወር ከ2 አምፔር የማይበልጥ ቻርጀር ተጠቀሙ፤ የመኪና ባትሪ ቤት ወስዶ በትልቁ ቻርጀር መሙላት ያሞቀዋል፣ ያሳብጠዋል። ከሐይቅ እንደተመለሳችሁ በዚያው ቀን ሙሉት፤ ባዶውን ያደረ ሊድ ባትሪ አቅሙ አይመለስም። በሶላር የምትሞሉ ከሆነ 20 ዋት ፓኔል ከነመቆጣጠሪያው በቂ ነው። ፓኔሉን በቀጥታ መሣሪያው ላይ አታገናኙ፤ «12 ቮልት» የተባለው ፓኔል ጭነት ሳይኖርበት ከ20 ቮልት በላይ ይሰጣል።

ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ባትሪ ቀላልና ረጅም ዕድሜ ያለው ነው። ከውጭ ዘመድ ይዞት የሚመጣ ከሆነ 12.8 ቮልት በ7 አምፔር አወር ወደ 90 ዋት አወር ስለሚሆን ለአውሮፕላን ከተቀመጠው የ100 ዋት አወር ገደብ በታች ነው፤ በእጅ ሻንጣ እንጂ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይገባም። ከአሜሪካ የሚመጣ ቻርጀር 110 ቮልት ብቻ የሚቀበል ከሆነ እኛ 220 ላይ ሲሰካ ይቃጠላል፤ ጀርባው ላይ 100–240 የሚል መጻፉን እዩ።

ሞተር በባትሪ የምታስነሱ ከሆነ ፊሽፋይንደሩን ለብቻው ባትሪ ስጡት። ሞተሩ ሲነሳ ቮልቱ ስለሚወርድ መሣሪያው ይጠፋል፣ ያልተቀመጠ ነጥብም አብሮ ይጠፋል። በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ለባትሪው ቅርብ አድርጋችሁ፣ መመሪያው ያዘዘውን ፊውዝ አስገቡ፤ ለትንንሾቹ 3 አምፔር ነው። ባትሪውን ክዳን ያለው የቀለም ባልዲ ውስጥ አስቀምጣችሁ ገመዱን በጎኑ ብታወጡት ርካሽና አስተማማኝ መያዣ ይሆናል። ሲሞላ ግን ክዳኑ ይከፈት።

አገጣጠም

እዚህ ላይ ነው ጥሩ መሣሪያ መጥፎ የሚሆነው። ደንቡ አንድ ነው፦ በትራንስዲዩሰሩ ፊትና በወለሉ መካከል አየር አይግባ። ድምፅ ከውሃ ወደ አየር አያልፍም ማለት ይቻላል፤ ስስ የአረፋ ንጣፍ ሁሉንም ይመልሰዋል።

ለእንጨት ጀልባ ከውሃ መስመር በታች መብሳት አያስፈልግም። 1.2 ሜትር ያህል የአሉሚኒየም ቱቦ ወይም ቀጥ ያለ ጠንካራ እንጨት ውሰዱ። ጫፉ ላይ ትራንስዲዩሰሩን በማይዝግ ብሎንና ዳዶ እሰሩ፤ ቱቦውን ከጀልባው ጠርዝ ጋር ተከፍቶ በሚዘጋ ማጥበቂያ ያዙት። ትራንስዲዩሰሩ ከውሃው ገጽ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ይግባ፣ ፊቱ ከውሃው ጋር ትይዩ ይሁን። ወደ ኋላ ወይም ወደ ፊት ካዘነበለ ዓሣው ስክሪኑ ላይ የሚስለው ቅስት ግማሹ ተቆርጦ ይታያል። ቱቦው የሚገጠመው መረብ ከሚጎተትበት ጎን በተቃራኒ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው በመጀመሪያው ማለዳ ትራንስዲዩሰሩን መረብ ውስጥ ያገኘዋል። ወደ ዳር ስትጠጉ ወደ ላይ የሚታጠፍ ይሁን፤ አሸዋ ላይ ያረፈ ጀልባ ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ ያርፋል።

ሞተር ባለው ጀልባ ኋላ ሲገጠም ከፕሮፔለሩ ቢያንስ 40 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ታችኛው ፊቱ ከጀልባው ሆድ ጥቂት ሚሊ ሜትር ዝቅ ይበል። ጀልባው ሆድ ላይ ወጣ ያለ ጣውላ ወይም ብሎን ካለ ከኋላው አትግጠሙ፤ አረፋ የሚፈጠረው እዚያ ነው። በቀጥታ ኋላው ላይ ከመብሳት መጀመሪያ ሰሌዳ በብሎን አስራችሁ ትራንስዲዩሰሩን ሰሌዳው ላይ ብታደርጉት፣ ቦታው ካልተስማማ ሌላ ቀዳዳ ጀልባው ላይ አያስፈልግም። ለዚህ ኮምፔንሳቶ አይሆንም፣ ውሃ ጠጥቶ ይከፈታል፤ ወፍራም ፕላስቲክ ይሻላል።

የፋይበር ጀልባ ላይ ከውስጥ በኢፖክሲ ማጣበቅ ይቻላል፤ ግን ቦታው ጥርት ያለ ፋይበር መሆን አለበት። በመካከሉ ፎም ወይም እንጨት ካለ አይሠራም። ከማጣበቅ በፊት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ትራንስዲዩሰሩን በዚያ ላይ አስቀምጡና ወለሉን ያነባል ወይ ብላችሁ ሞክሩ። በዚህ መንገድ የሙቀት ንባቡ የውሃውን ሳይሆን የጀልባውን ሆድ ይነግራችኋል፣ ዳውን ስካንም ይደክማል።

የተረፈ ገመድ አይቆረጥም፤ በሰፊው ጠቅልላችሁ እሰሩት፣ ከሞተሩ ሽቦ አርቁት።

አስተካከልና አነባበብ

ከካርቶን ሲወጣ መለኪያው በጫማ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ሜትር ቀይሩ። የውሃውን ዓይነት «ጨው አልባ» አድርጉ። ትራንስዲዩሰሩ 20 ሳንቲ ሜትር ውሃ ውስጥ ከሆነ ያንን በማካካሻው ላይ ጻፉ፣ አለዚያ ሁልጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ያጎድላል። ቀጥሎ በየሜትሩ ቋጠሮ ያለው ገመድ ላይ ድንጋይ አስራችሁ ጠንካራ ወለል ባለበት ለኩና አነጻጽሩ። ጭቃ ላይ አትለኩ፤ ድንጋዩ ስለሚሰምጥ መሣሪያው ያሳነሰ ይመስላል።

ዓሣን በሥዕል የሚያሳየውን ምርጫ አጥፉት። አረፋንም፣ አረምንም፣ የመረብ ጠርሙስንም ዓሣ ብሎ ይስላል። የጥልቀት መጠኑን ዳርቻ ላይ ከ0 እስከ 10፣ መሃል ላይ ከ0 እስከ 25 ሜትር በእጅ ያዙ። ሴንሲቲቪቲውን (ደካማ ምልክትን የማሳየት ልኩን) ስክሪኑ በነጠብጣብ እስኪሞላ ጨምሩና ነጠብጣቡ እስኪጠራ ትንሽ መልሱ። የሀዋሳ ውሃ አልጌ ስለሚበዛበት ላይኛው ንጣፍ ብዙ ጊዜ ጭጋግ ይመስላል፤ ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ደግሞ አረፋ ይጨመርበታል። የማለዳው ንባብ የሚጠራው ለዚህ ነው።

ስክሪኑ ካርታ አይደለም። ቀኝ ጠርዙ አሁን ነው፤ ወደ ግራ ያለው ሁሉ ያለፈ ጊዜ ነው። ጀልባው ቆሞ አንድ ዓሣ ሥሩ ቢቆም ረጅም መስመር ይስላል፤ አንድ ዓሣ እንጂ ረጅም ዓሣ አይደለም። በሾጣጣው ውስጥ ያለፈ ዓሣ ቅስት ይሠራል። የዓሣውን መጠን ከቅስቱ ርዝመት ሳይሆን ከውፍረቱና ከቀለሙ ብርታት ገምቱ፤ አምባዛ ላይ ግን ከላይ ያልነውን አስታውሱ። ጠንካራ ወለል ወፍራም ደማቅ መስመር ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜም በእጥፍ ጥልቀት ላይ ሁለተኛ ደብዛዛ ወለል ይታያል። ጭቃ ስስና ደብዛዛ ነው፣ ሁለተኛውም አይኖርም። ከጭቃ ወደ ጠንካራ የሚቀየርበት መስመር ለመንጠቆ ሊሞከር የሚገባው ቦታ ነው።

ጥልቀቱ በድንገት ቢጠፋ ወይም 0.6 ሜትር ላይ ቢቆም መጀመሪያ የትራንስዲዩሰሩን ፊት እዩ። ፕላስቲክ ከረጢት፣ አረም ወይም አረፋ ይዞት ይሆናል። ጥልቀቱ በእጥፍ ከዘለለ መሣሪያው ሁለተኛውን ወለል ይዟል፤ ሴንሲቲቪቲውን ቀንሱ። ሞተር ሲነሳ ብቻ የሚመጣ ቀጥ ያለ ነጠብጣብ የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ነው፤ ሽቦዎቹን አራርቁ። ሌላ ፊሽፋይንደር የጫነ ጀልባ አጠገባችሁ ካለ ደግሞ ዘንበል ያሉ መስመሮች ይመጣሉ፤ አንዳችሁ ፍሪኩዌንሲ ቀይሩ።

የትራንስዲዩሰሩ ፊት አረንጓዴ ሲለብስ በሳሙናና በለስላሳ ጨርቅ ይታጠብ። ቤንዚንና ቲነር ፕላስቲኩን ስለሚበሉት አይነካው፤ በቢላም አይፋቅ።